ከትራክተሩ በፊት በርሜሉ

ከደሴ ተነስቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዶ ኮምቦልቻ የሚገባ ሰው የሚጓዘው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህች አጭር መንገድ ግን ከፍታው በ600 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ደሴ ላይ ጋቢ የደረበ ሰው ኮምቦልቻ ሲደርስ ጥላ ፍለጋ ይገባል። በዚሁ መንገድ በአይሱዙ ጀርባና በትራክተር ተሳቢ ላይ የሚወጣ የሚወርድ፣ ብርዱንም ሙቀቱንም ከሰው እኩል የሚቀበል አንድ ዕቃ አለ፤ የናፍጣ በርሜል ነው። ሰው ትራክተር ገዛ ተብሎ ሲወራለት በርሜሉን የሚያነሳ የለም። እኔ ግን ትራክተር የሚያረጀው ማሳ ላይ ብቻ ሳይሆን ግቢ ውስጥ፣ በርሜሉ አጠገብም ጭምር ነው ባይ ነኝና ዛሬ እሱን ላስተዋውቃችሁ።

በደቡብ ወሎ ደጋ ትራክተር ብዙ ቦታ የለውም። ቁልቁለቱና የማሳው መበጣጠስ ለበሬ ያደላል። ከኮምቦልቻ በሐርቡ በኩል ወደ ከሚሴ ሲወረድ ግን የቦርከና ሸለቆ እየሰፋ ይሄዳል፤ ማሽላው፣ ጤፉና ማሾው የሚዘራበት ሜዳ ለማሽን ይመቻል። ትራክተር ያለው ሰው የሚያርሰው የራሱን ብቻ አይደለም፤ ለጎረቤቱም በሰዓት ወይም በጥማድ ያከራያል። ዝናቡ ሲጥል ሁሉም በአንድ ሳምንት ውስጥ ይፈልገዋል። መሬቱ ርጥበት ይዞ ሳለ ትራክተሩን ማደያ ድረስ ነድቶ መመለስ የቀኑን እኩሌታ መጣል ነው። ስለዚህ ናፍጣው ወደ ማሽኑ ይመጣል። 80 የፈረስ ጉልበት ያለው ትራክተር ጠንካራ መሬት ሲያርስ በሰዓት ከ10 እስከ 15 ሊትር ይጠጣል፤ ለአንድ ሄክታር፣ ማለትም ለ4 ጥማድ፣ 20 ሊትር አካባቢ ቢያዝለት ያስኬዳል። አንድ የ200 ሊትር በርሜል እንግዲህ 10 ሄክታር ያህል የመጀመሪያ እርሻ ነው።

ኮምቦልቻና ነዳጅ የቆየ ትውውቅ አላቸው። ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራው የደሴና የአሰብ መንገድ በባቲ አድርጎ ወደ አፋር የሚወርደው ከዚህ ነው። የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ከጀመረ በኋላ ቦቴዎች በዚህ መንገድ ሲመላለሱ ኖረዋል። ማጣሪያው እ.ኤ.አ. በ1997 ቆመ፤ በማግስቱ ዓመት ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ የአሰብ በር ተዘጋ። ዛሬ ነዳጁ የሚገባው ከውጭ ተገዝቶ ሲሆን ዋናው በር ጅቡቲ ነው። ከዚያ እስከ ማሳው ያለው መንገድ ረጅም ስለሆነ አንድ ቦታ ላይ ሲጠብ ማደያው ደጃፍ ሰልፍ ይረዝማል። ሰልፉ ደግሞ መደበቅንና የጥቁር ገበያን ይወልዳል። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የነዳጅ ውጤቶች ግብይት አዋጅ ነዳጅን ከሕግ ውጭ ማከማቸትን፣ ማጓጓዝንና መሸጥን በብርቱ ይቀጣል። ለእርሻው የሚያስቀምጥ ገበሬ ከአሻጋሪው የሚለየው በወረቀቱ ነው። በርሜል ከመጫን በፊት ማሽኑንና መጠኑን የሚገልጽ የፈቃድ ደብዳቤ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ይያዝ። ትርፍ ጣጣ የሚመስለው ሰው አለ፤ ለእኔ ግን ከናፍጣው አስቀድሞ ሊያዝ የሚገባው እሱ ነው።

በርሜሉ ራሱ ታሪክ አለው። ወገቡ ላይ ሁለት ቀለበት ያለውን ይህን የብረት በርሜል እ.ኤ.አ. በ1905 አሜሪካ ውስጥ ሄንሪ ዌርሃን የተባለ ሰው በፈጠራ መብት አስመዘገበው። ይሠራ የነበረው ኔሊ ብላይ በምትመራው ፋብሪካ ነው፤ ዓለምን በ72 ቀን ዞራ የተመለሰችው ዝነኛ ጋዜጠኛ ማለት ናት። ቀለበቶቹ ለጌጥ የወጡ አይደሉም። ሙሉ በርሜል ከነብረቱ 190 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ሁለት ሰው ሊያነሳው የማይችለው ሸክም በቀለበቶቹ ላይ ሲንከባለል ለአንድ ሰው ይታዘዛል።

እኛ ዘንድ በርሜል አንድ ሕይወት ብቻ አይኖርም። ዘይት ይዞ ይመጣል፣ ውሃ ይጠራቀምበታል፣ በመጨረሻም ተዘርግቶ የአጥር በር ይሆናል። ስለዚህ ለናፍጣ የሚገዛ ሰው በርሜሉ ትናንት ምን ይዞ እንደነበር ይጠይቅ። ውስጡ የዛገም ሆነ ኬሚካል የነበረበት አይሆንም። ዚንክ የተለበጠ ብረትም አይሆንም፤ ናፍጣ ከዚንክና ከመዳብ ጋር ሲቆይ ፊልትሮ የሚደፍን ዝቃጭ ያወጣል። የውሃ ሮቶም ለናፍጣ ተብሎ አልተሠራም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ስለ ነዳጅ ሲነሳ ሁሉም የሚፈራው እሳትን ነው። በግቢ ማከማቻ ግን ከእሳት ቀድሞ የሚደርሰው ውሃ ነው፤ የሚገባውም ማንም ሳያየው ነው። በርሜሉ ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል እንበል። አናቱ ዙሪያውን ከንፈር ስላለው የሐምሌን ዝናብ እንደ ሳህን ይቋጥራል። ቀን ፀሐይ ስትመታው ናፍጣውም በላዩ ያለው አየርም ይለጠጣል፤ አየሩ በክዳኑ ጥርስ በኩል እየሾለከ ይወጣል። ማታ ሲበርድ በርሜሉ የወጣበትን መልሶ ይስባል። በዚያ ሰዓት ክዳኑ ላይ የተኛው ውሃ ስለሆነ የሚስበውም እሱኑ ነው። ክዳኑን በመፍቻ አጥብቄዋለሁ ብሎ የተኛ ሰው ክረምቱ ሲወጣ ከሥር ውሃ ያገኛል፤ ከማደያው የመጣ ይመስለዋል።

ሁለተኛው መግቢያ ጤዛ ነው። ግማሹ የጎደለ በርሜል ግማሹ አየር ነው። አየሩ የያዘው እንፋሎት በሌሊቱ ብርድ ብረቱ ላይ ጠል ሆኖ ይወርዳል፤ ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ሥር ይተኛል። በነጋታው አዲስ አየር ይገባል፤ ያም ይወርዳል። ቀኑ ሞቆ ሌሊቱ የሚቀዘቅዝበት ደጋ ለዚህ የተመቸ ነው።

ጉዳቱ የሚታየው ማሽኑ ላይ ነው። የፖምፓውና የኖዝሉ ውስጠኛ ክፍሎች እርስ በርስ የሚተላለፉበት ክፍተት ከፀጉር ውፍረት በብዙ እጥፍ ይቀጥናል፤ የሚያለሰልሳቸውም ናፍጣው ራሱ ነው። ውሃ ሲገባ ቅባቱ ይጠፋል፣ ብረት ብረትን ይበላል፣ ዝገት ይጀምራል። ውሃና ናፍጣ በሚገናኙበት መስመር ላይ ደግሞ ረቂቅ ተሕዋስያን ይራባሉ፤ ጥቁር ንፍጥ የመሰለ ነገር ሠርተው ፊልትሮውን ይዘጉታል። ትራክተሩ በእርሻ መሐል ጉልበት አጥቶ ሲቆም ሞተሩ ይወቀሳል፤ ጥፋቱ ግን የበርሜሉ ነው።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። በርሜሉ ከጣሪያ ሥር፣ በእንጨት ወይም በብሎኬት ላይ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ሙሉ ሆኖ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ከሆነ በጎኑ ይተኛ፤ ሁለቱ ክዳኖች በአግድም መስመር ላይ ይዋሉ፣ ናፍጣው ከውስጥ ስለሚሸፍናቸው አየር አይስቡም። መቆም ካለበት ዝናቡ ክዳኖቹ ወደሌሉበት ጎን እንዲፈስ ከሥሩ እንጨት ገብቶበት ያዘንብል። ጤዛውን ለመቀነስ በርሜሉ ሙሉ ቢሆን ይመረጣል፤ እስከ አፉ ግን አይሞላ። ደሴ ላይ በጠዋት ብርድ የተሞላ 200 ሊትር ናፍጣ ኮምቦልቻ ደርሶ በ15 ዲግሪ ቢሞቅ 2 ሊትር ተኩል ያህል ይጨምራል፤ ቦታ ካጣ በክዳኑ በኩል ይወጣል። 10 ሊትር የሚሆን ክፍተት ይተውለት።

መቅዳቱ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ከመኪና የወረደ በርሜል ተናውጧል፤ ሥር የነበረው ውሃና ቆሻሻ ሁሉ ተበትኗል። አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ሳይነካ ይቁም። የእጅ ፓምፑ በትልቁ ቀዳዳ ሲገባ ትንሹም ይከፈት፤ አየር ካልገባ ናፍጣው አይወጣም። የፓምፑ ቱቦ ወለሉን አይንካ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። በዚህ የሚቀረው 12 ሊትር ያህል ነው። እንደ ኪሳራ የሚቆጥረው አለ፤ ግን አይጣልም። በጠርሙስ ተቀድቶ ሲሰክን ውሃው ከሥር ለብቻው ይታያል፤ ጥሩው ከላይ በጥንቃቄ ተቀድቶ በማጣሪያ ያልፋል።

ንጹሕ ዘንግ ወስዶ በየሴንቲ ሜትሩ ምልክት ማድረግም ጥሩ ሒሳብ ያዥ ይሰጣል። በቆመ በርሜል ውስጥ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 2 ሊትር ተኩል ያህል ነው። ጠዋት ማታ የለካ ሰው ለስንት ጥማድ ስንት እንደወጣ ከሹፌሩ ጋር ሳይጨቃጨቅ ያውቃል።

በአፍ ጎማ ስቦ መቅዳትን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ናፍጣ ቀጭን ስለሆነ ትንሽ ጉንጭ እንኳ ወደ ሳንባ ሾልኮ ይገባና ከባድ የሳንባ ሕመም ያመጣል። የዋጠ ሰው እንዲያስመልስ አይገደድ፤ ሲያስመልስ ነው ዳግም ወደ ሳንባው የሚሄደው። ቶሎ ወደ ሐኪም ይወሰድ። ፓምፕ የሌለው ሰው ጎማውን ሙሉ በሙሉ ናፍጣው ውስጥ ይንከረው፤ ሲሞላ ጫፉን በአውራ ጣቱ ደፍኖ ያውጣና ከበርሜሉ ዝቅ አድርጎ ይልቀቀው። ራሱ ይወርዳል።

ስለ እሳት ጥቂት ልበል። ንጹሕ ናፍጣ ከ50 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ በክብሪት የሚያያዝ እንፋሎት አይሰጥም፤ ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች በ40 ዲግሪ ብርድ እንኳ ይሰጣል። የመስኖ ሞተር ቤንዚን የቀረበት ጄሪካን ናፍጣ ከተሞላበት ያ ናፍጣ የዋህነቱን ያጣል። ስለዚህ ዕቃው ይለያይ፤ ቀለም ይቀባ፣ ስሙ ይጻፍበት፣ ውሃ ከሚቀዳበት ጋር በአንድ ቦታ አይቀመጥ። በናፍጣ የራሰ ጨርቅና ገለባም እንደ ኩራዝ ክር ነው፤ ከማድቤት ይራቅ። ከሁሉም የሚከፋው ባዶው በርሜል ነው። የቀረው እንፋሎት ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ይጠብቃል፤ በብየዳ ልቁረጠው ያለ ሰው ላይ ይፈነዳል። የናፍጣ በርሜል ለበያጅ ስትሰጡ ምን እንደነበረበት ንገሩት።

ናፍጣ በግቢ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ቢቆይ ነው፤ ከዚያ ይጠቁራል፣ ይዘቅጣል። ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ። ትራክተር ያላችሁ የቃሉና የደሴ ዙሪያ ሰዎች፣ የሰኔ ዝናብ ሳይጥል አንድ ጠርሙስ ናፍጣ ከበርሜላችሁ ሥር ቀድታችሁ በብርሃን እዩት።