ካዝና አልከፈት ሲል፦ ከግራይንደሩ በፊት ባለሙያው

ባሕር ዳር፦ ክረምቱ እየገባ ነው እንበል። አርሶ አደሮች ለማዳበሪያ መግዣ የተፈቀደላቸውን ብድር ለመቀበል ከአንድ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ደጃፍ ተሰልፈዋል። ገንዘቡ ካዝናው ውስጥ ነው፤ ካዝናው ግን አልከፈት ብሏል። ገንዘብ ያዡ ቁልፉን አስገብቶ ደጋግሞ ቢሞክርም እጀታው ንቅንቅ አይልም። በዚህ መካከል አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ «በያጁን ጥሩት፤ በግራይንደር ቆርጦ ይገላግለናል» ይላል።

ምክሩ የመጣው ከቅንነት ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ የሚያስከትለው ጉዳት ከቁልፉ ብልሽት የከበደ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ካዝና ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

ካዝና ባለቤቱንና ሌባውን አይለይም

ካዝና የሚሠራው ፈጽሞ እንዳይከፈት ሳይሆን በጉልበት የሚመጣበትን ሰው እንዲያዘገይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ዩ.ኤል. የተባለው የፍተሻ ተቋም «ቲ.ኤል. 15» የሚል ደረጃ የሰጠው ካዝና፣ የሠለጠኑ ፈታሾች በእጅና በኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ቢታገሉት በሩ ለ15 ደቂቃ የተጣራ የሥራ ጊዜ ሊቋቋማቸው የሚችል ነው። «ቲ.ኤል. 30» ሲሆን ደግሞ ጊዜው ወደ 30 ደቂቃ ከፍ ይላል። በአውሮፓም ኢ.ኤን. 1143-1 የተባለው መስፈርት ካዝናዎችን በመቋቋም አቅማቸው በደረጃ ይለያቸዋል። ካዝና የሚገዛ ሰው እንግዲህ ብረት ብቻ ሳይሆን ጊዜም ይገዛል ማለት ነው።

በብዙ ካዝናዎች በር ውስጥ ከዋናው ቁልፍ በተጨማሪ ሁለተኛ መቆለፊያ አለ። በሩ ሲደበደብ ወይም ቁልፉ ተመትቶ ሲወልቅ፣ በሞላ ተወጥሮ የቆየው ይህ መቆለፊያ ይለቀቅና የበሩን መወርወሪያዎች እንደገና ይቀረቅራል። በአንዳንድ ጠንካራ ካዝናዎች ውስጥ ደግሞ የመስታወት ሰሌዳ ይገኛል። መሰርሰሪያ ሲነካው መስታወቱ ይሰበርና በእሱ የተያዙት ተጨማሪ መቆለፊያዎች ሁሉ ይወረወራሉ። ከዚያ በኋላ ትክክለኛው ቁልፍ ቢገኝ እንኳን በሩ አይከፈትም። ካዝናው የሚመታው ባለቤቱ ይሁን ሌባው አያውቅም፤ ለሁለቱም የሚሰጠው ምላሽ አንድ ነው።

ሐሳቡ ዛሬ የመጣ አይደለም። እንግሊዛዊው ጄረማያ ቸብ እ.ኤ.አ በ1818 የሠራው ቁልፍ ያለ መክፈቻው ሊከፍተው የሞከረ ሰው ሲኖር ራሱን ይበልጥ በመቆለፍ ሙከራውን ለባለቤቱ የሚያሳውቅ ነበር። እ.ኤ.አ በ1851 በለንደን ታላቁ ኤግዚቢሽን ወቅት አሜሪካዊው ቁልፍ ሠሪ አልፍሬድ ቻርልስ ሆብስ ይህንን ቁልፍ በአደባባይ ከፈተው። ቀጥሎም ለሚከፍተው 200 ጊኒ ሽልማት ተቀምጦለት ለአሥርተ ዓመታት ያልተደፈረውን የብራማ ቁልፍ፣ ሥራውን በ16 ቀናት ከፋፍሎ በጠቅላላው በ51 ሰዓት ከፈተ። የሆብስ ሥራ ሁለት ነገር አስተምሯል፤ ፈጽሞ የማይከፈት ቁልፍ አለመኖሩን፣ ቁልፍን የሚረታውም ጉልበት ሳይሆን እውቀትና ትዕግሥት መሆኑን።

ብልጭታውና ወረቀቱ

ሁለተኛው አደጋ እሳት ነው። ወረቀት ከ177 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ጀምሮ መክሰል ይጀምራል፤ እሳት የሚቋቋሙ ካዝናዎች የሚፈተኑትም የውስጣቸው ሙቀት ከዚህ መጠን በታች መቆየቱን በማረጋገጥ ነው። የብዙዎቹ ግድግዳ በሁለት የብረት ሰሌዳዎች መካከል ጂፕሰም ወይም ኮንክሪት መሰል ነገር ተሞልቶበታል። ከጂፕሰም ክብደት 21 በመቶ ያህሉ በውስጡ ተዋሕዶ የሚኖር ውኃ ነው። እሳት ሲነሳ ይህ ውኃ በእንፋሎት መልክ እየወጣ ሙቀቱን ያዘገየዋል።

በግራይንደር ወይም በጋዝ የሚቆርጥ ሰው ይህንን መከላከያ ያፈርሳል። የጋለውን ብረትና ብልጭታውንም የብር ኖት፣ የብድር ውልና የይዞታ ማረጋገጫ ወደተቀመጠበት ክፍል ይሰደዋል። በሩ ተከፍቶ የተገኘው አመድ ቢሆን ትርፉ ምንድን ነው? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ የአንድ ቀን መጉላላትን ለማስቀረት የተወሰደው እርምጃ ለወራት የማያልቅ የሰነድ ፍለጋ ያመጣል።

ባለሙያ ከመጥራት በፊት

አልከፈት ያለ ካዝና ሁሉ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ቁጥር በመጫን የሚከፈት የኤሌክትሮኒክ ቁልፍ ከሆነ አስቀድሞ ሊጠረጠር የሚገባው ባትሪው ነው። ባትሪው ሲደክም ቁልፉ ድምፅ እያሰማ ወይም መብራት እያሳየ መወርወሪያውን ለመሳብ ግን አቅም ያጣል። ብዙዎቹ ቁልፎች ባትሪያቸው ከውጭ በኩል ስለሚቀየር በአዲስና ጥራት ባለው ባትሪ መተካት ተገቢ ነው። የተሳሳተ ቁጥር ተደጋግሞ ሲገባ ቁልፉ ለተወሰኑ ደቂቃዎች ራሱን ስለሚዘጋም፣ ያለማቋረጥ ከመነካካት ትንሽ መታገሥ ይሻላል።

ሌላው የተለመደ ምክንያት የውስጡ ዕቃ ነው። ካዝናው ከአቅሙ በላይ ታጭቆ የተዘጋ እንደሆነ መዝገቡ ወይም የገንዘቡ እስር በሩን ወደ ውጭ ይገፋውና መወርወሪያዎቹ ይጨናነቃሉ። በሩን ወደ ውስጥ ገፋ አድርጎ እጀታውን በዝግታ ማዞር ችግሩን የሚፈታበት ጊዜ አለ። ከዚህ ባለፈ ቁልፍን በጉጠት ማዞር፣ ቀዳዳው ውስጥ ዘይት ማፍሰስ ወይም እጀታውን በመዶሻ መምታት አይገባም። ቁልፉ ውስጡ ከተሰበረ የባለሙያው ሥራ እጥፍ ይሆናል፤ ክፍያውም እንዲሁ።

ባለሙያው በምን ይታወቃል?

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው አባባል ለዚህ ሙያ የተነገረ ይመስላል። የቤት ቁልፍ የሚቀርጽ ሁሉ ካዝና መክፈት አይችልም። ባለሙያ ፍለጋ ሲጀመር ካዝናውን የሸጠውን ድርጅት ወይም አስመጪውን መጠየቅ ቀዳሚው መንገድ ነው። በበሩ ላይ ወይም በመግዣ ሰነዱ ላይ የሚገኘው የሞዴልና የምርት መለያ ቁጥር ባለሙያው የቁልፉን ዓይነት አስቀድሞ እንዲያውቅ ይረዳዋል።

ባለሙያው ሲገኝ የንግድ ሥራ ፈቃዱን፣ መታወቂያውንና ከዚህ በፊት የሠራላቸውን ተቋማት መጠየቅ ነውር አይደለም። ከሁሉ በላይ ግን እሱ የሚጠይቀውን ማስተዋል ይበጃል። ሙያውን የሚያከብር ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ዋጋው ሳይሆን ስለ ባለቤትነቱ ነው። ካዝናው የማን ነው? እንዲከፈት የፈቀደው ማን ነው? ማስረጃውስ የት አለ? እነዚህን ሳይጠይቅ ወደ ሥራ የሚገባ ሰው፣ ዛሬ ለእርስዎ የከፈተውን ነገ ለሌላ ሰው ከመክፈት የሚያግደው ነገር የለም።

ቀጥሎ የሚመጣው የአሠራሩ ጥያቄ ነው። ጥሩ ባለሙያ ከተቻለ ምንም ሳይበሳ ለመክፈት ይሞክራል። መብሳት ግድ ከሆነም የቁልፉን አሠራር አውቆ፣ ተጨማሪ መቆለፊያዎቹን ሳይቀሰቅስ በተመረጠ ቦታ ላይ አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ያወጣል። በዚያች ቀዳዳ በኩል ውስጡን አይቶ ከከፈተ በኋላ ቀዳዳዋን በጠንካራ ብረት ደፍኖ ቁልፉን ይቀይራል። በዚህ መልኩ የተጠገነ ካዝና ዳግም ሊያገለግል ይችላል፤ በግራይንደር ጎኑ የተቀደደው ግን ብዙውን ጊዜ ቁርጥራጭ ብረት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የመክፈቻው፣ የጥገናውና የአዲሱ ቁልፍ ዋጋ፣ ካዝናው ቢጎዳም ኃላፊነቱ የማን እንደሚሆን ሥራው ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ሊሰፍር ይገባል።

መክፈቱ ቀላል፣ መተማመኑ ከባድ

የተቋም ካዝና የሚከፈተው በአንድ ሰው ፈቃድ አይደለም። ኃላፊው፣ ገንዘብ ያዡ፣ የቁጥጥር ኮሚቴው ወይም የውስጥ ኦዲት ተወካይ በተገኙበት ሊከፈት ይገባል። በሩ እንደተከፈተ ባለሙያው ገለል ይላል፤ ገንዘቡና ሰነዱ በሁሉም ፊት ተቆጥሮ በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል፤ የተገኙትም ይፈርማሉ። ገንዘብ ያዡ ከሥራ የተሰናበተ፣ የተሰወረ ወይም ጉድለት የተጠረጠረበት ከሆነ ደግሞ ፖሊስ እንዲያውቀው ማድረግ ቀሪዎቹን ሠራተኞች ከሐሜት ይጠብቃል።

የሟች ካዝና ሲሆን ጥንቃቄው ይበረታል። ከወራሾች አንዱ ለብቻው ካዝናውን አስከፍቶ ከሆነ፣ ውስጡ ባዶ ሆኖ ቢገኝ እንኳን ባዶ እንደነበር የሚያምነው አይኖርም። ስለዚህ የውርስ አጣሪው ወይም በፍርድ ቤት የተፈቀደለት ሰው ባለበት፣ ሌሎቹ ወራሾች እያዩ ቢከፈት ቤተሰብን ከዓመታት ክርክር ይታደጋል።

ሳይቃጠል በቅጠል

ካዝናው ከተከፈተ በኋላ የሚቀረው ሥራ የምስጢር ቁጥሩን መቀየር ነው። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሪቻርድ ፋይንማን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የአቶሚክ ቦምብ ይሠራበት በነበረው በሎስ አላሞስ የባልደረቦቹን የሰነድ ካዝናዎች በመክፈት ይታወቅ ነበር። በኋላ እንዳወሳው በርካታ ካዝናዎች ከፋብሪካ ይዘውት በመጡት ቁጥር እንዳሉ ይሠራባቸው ነበር። ቁጥሩ ያልተቀየረ ካዝና በሩ እንደተከፈተ ይቆጠራል።

ትርፉ ቁልፍም እዚያው ካዝና ውስጥ መቀመጥ የለበትም። በታሸገ ፖስታ ተደርጎ በሌላ ኃላፊ እጅ ወይም በባንክ ቢቀመጥ ይመረጣል። ቁልፍ ያዥ በተቀየረ ቁጥር ርክክቡ በጽሑፍ መሆን፣ ቁጥሩም አብሮ መለወጥ ይኖርበታል። ቁልፉ መክበድ ወይም መንገራገጭ ሲጀምርም በሩ ገና እየተከፈተ ሳለ ማስመርመር ከሁሉ የቀለለው ወጪ ነው።

ከማኅበሩ ደጃፍ የተሰለፉት አርሶ አደሮች አንድ ቀን ይጉላሉ ይሆናል፤ የዘር ወቅት የሚጠብቅ አይደለምና ቅሬታቸው ተገቢ ነው። ኃላፊው መዘግየቱን በግልጽ ነግሯቸው ባለሙያ ካስመጣ ግን ገንዘባቸውም፣ የብድር ሰነዳቸውም፣ በማኅበሩ ላይ ያላቸው እምነትም ሳይጎድል ይረከባሉ።