የጋምቤላ ሙቀትና የአውሮፕላን አኃዞች

አንድ አውሮፕላን ለመነሣት የሚያስፈልገው የመንደርደሪያ ርዝመት፣ በደቂቃ የሚወጣው ከፍታና የሚሸከመው ክብደት በየትም ቦታ የሚሠሩ ቋሚ መጠኖች ሳይሆኑ፣ መሐንዲሶች «መለኪያ ከባቢ አየር» ብለው በተስማሙበት፣ በባሕር ወለል ላይ 15 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀትና 1013 ሄክቶፓስካል ግፊት ባለው፣ ሙቀቱም በየ1000 ጫማው በ2 ዲግሪ ያህል በሚቀንስ አየር የተሰሉ ናቸው። እንዲህ ያለ አየር በጋምቤላ አይገኝም።

አቪዬሽን ከፍታን የሚለካው በጫማ ሲሆን፣ አንዱ ጫማ 30.48 ሴንቲ ሜትር ነው። የጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 1600 ጫማ ግድም ላይ ስለሚገኝ፣ በመለኪያው መሠረት ሙቀቱ 12 ዲግሪ ያህል መሆን ነበረበት፤ በየካቲትና በመጋቢት ግን የቀኑ ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል። ሙቀት አየርን ስለሚያሳሳ፣ ማለትም በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ያለውን የአየር መጠን ስለሚቀንስ፣ አብራሪዎች ከመለኪያው በላይ ለሆነው ለእያንዳንዱ ዲግሪ 120 ጫማ ይጨምራሉ። በ28 ዲግሪ ልዩነት የሚጨመረው 3360 ጫማ ስለሆነ፣ በቆላው ሜዳ ላይ የቆመው አውሮፕላን ለክንፉና ለሞተሩ 5000 ጫማ ገደማ ላይ እንዳለ ይቆጠራል፤ ይህም የእፍግታ ከፍታ ይባላል። የቦሌ ማረፊያ በ20 ዲግሪ ሙቀት በዚሁ ስሌት 10,000 ጫማ ይደርሳል።

የፍጥነት መለኪያውም የሚያሳየው የአየሩን ግፊት ነው። ኖት በሰዓት አንድ የባሕር ማይል፣ ማለትም 1852 ሜትር መጓዝ ሲሆን፣ መሣሪያው 100 ኖት ሲያሳይ እውነተኛው ፍጥነት በጋምቤላ ሙቀት 108፣ በቦሌ ደግሞ 116 ኖት ያህል ይሆናል። አውሮፕላኑን ለማቆም ፍሬን የሚያጠፋው ጉልበት በፍጥነቱ ስኩዌር ስለሚያድግ፣ ይህ ጭማሪ ቀላል አይደለም።

የመድፍ አኃዞችም ከዚሁ ሕግ አያመልጡም። በ1933 ዓ.ም. የቤልጂግ ኮንጎ ጦር በመጋቢት ጋምቤላን ይዞ፣ ጣሊያኖች እጃቸውን ወደሰጡበት፣ ያኔ ሳዮ ይባል ወደነበረው ደምቢ ዶሎ ሲወጣ፣ የመሬቱ ከፍታ ከ1000 ሜትር በላይ ጨምሯል። በዘመኑ የጣሊያን የተራራ መድፍ 65/17 የሚለው ስም 65 የአፈሙዙን የውስጥ ስፋት በሚሊ ሜትር፣ 17 ደግሞ ርዝመቱ የዚያ ስፋት 17 እጥፍ መሆኑን ይገልጻል፤ ጥይቱ የሚደርስበት ርቀት ግን ከስሙ አይታወቅም። የሳሳ አየር አውሮፕላንን ቢያደክምም ጥይትን እምብዛም ስለማይገታ፣ መድፈኞች የአየሩን ሙቀትና ግፊት ከተኩስ ሠንጠረዥ ጋር ማስላት ነበረባቸው።

ስለዚህ የአውሮፕላንን ወይም የመሣሪያን አቅም የሚያነብ ሰው፣ ቁጥሩ በየትኛው ከፍታና ሙቀት እንደተለካ አስቀድሞ ይመልከት።