የፖሊሲ ጥናትና የአዊ ተማሪ፦ ተረትና እውነታ

የኢንተርንሽፕ ወቅት ሲደርስ ተማሪው የድጋፍ ደብዳቤውን ይዞ የሚሄደው ወደ ባንክ፣ ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ወይም ወደ ፋብሪካ ነው። ለትርፍ ያልቆሙ የፖሊሲ ጥናት ድርጅቶች ብዙ ጊዜ ትዝም አይሉትም። ስለነሱ የሚወራው አብዛኛው ነገር ከእውነታው ስለራቀ፣ በአዊ ዞን በእንጅባራና በዳንግላ ያሉ ተማሪዎች ትልቅ ዕድል እንዳያመልጣቸው አንድ በአንድ እንየው።

ተረት 1፦ «የፖሊሲ ድርጅት ማለት ፖለቲካ ነው።»

እውነታ፦ ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። የቀድሞው አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶችን ከሰብዓዊ መብትና መሰል ሥራዎች አግዶ ነበር። እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ግን የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ከመንግሥትም ከፓርቲም ነፃ መሆናቸውን ይደነግጋል፤ ሕግና ፖሊሲ እንዲሻሻል ሐሳብ የማቅረብ መብትም ይሰጣቸዋል። እንደ ኢትዮጵያ ኢኮኖሚክስ ማኅበርና ፎረም ፎር ሶሻል ስተዲስ ያሉት ተቋማት ለዓመታት የሠሩት ይህንኑ ነው፤ ያጠናሉ፣ ያሳትማሉ፣ ያወያያሉ። ይሁንና ሥራው ፖለቲካ ባይሆንም፣ ጸጥታ ባልረጋበት አካባቢ መረጃ ለመሰብሰብ ብቻውን የሚወጣ ተለማማጅ መኖር የለበትም። ስለ ደኅንነቱ አስቀድሞ መጠየቅ የተማሪው መብት ነው።

ተረት 2፦ «ሥራው ያለው አዲስ አበባ ብቻ ነው።»

እውነታ፦ ቢሮው አዲስ አበባ ሊሆን ይችላል፤ ጥያቄው ግን ያለው ገጠር ነው። በዳንግላ ወረዳ ዳንግሽታ ቀበሌ የተሠራውን እንመልከት። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የአካባቢው ነዋሪዎች ራሳቸው የዝናብ መጠን፣ የወንዝ ከፍታና የጉድጓድ ውኃ ጥልቀት እየለኩ መዝግበዋል። የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መዝገቡን ከሌሎች የመረጃ ምንጮች ጋር አመሳክረው የሚያስተማምን ሆኖ አግኝተውታል። በጉድጓድ ውኃ መስኖ ማልማት ይቻላል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ የሚጀምረው ከእንዲህ ያለ መዝገብ ነው።

ሌላም አለ። በፋግታ ለኮማና በባንጃ ብዙ ገበሬ የእህል መሬቱን ለከሰል በሚሆነው የዲከረንስ ግራር ሸፍኖታል። ከጊዜ በኋላ ዛፉን በሽታ መታው። ኑሮውን በአንድ ዛፍ ላይ የጣለ ገበሬ በምን ይደገፍ? ይህ ከእንጅባራ ደጃፍ ላይ ያለ የፖሊሲ ጥያቄ ነው።

ተረት 3፦ «የኢኮኖሚክስና የሕግ ተማሪ፣ እንግሊዝኛም አቀላጥፎ የሚናገር ካልሆነ አይፈለግም።»

እውነታ፦ ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ ይጻፍ ይሆናል፤ መረጃው ግን የሚገኘው በአዊኛና በአማርኛ ነው። መጠይቁ «ስንት ሄክታር?» ይላል፤ ገበሬው በቃዳ ይመልሳል። ቃዳ ሩብ ሄክታር ገደማ መሆኑን የማያውቅ ጠያቂ «አራት» የተባለውን አራት ሄክታር ብሎ ቢሞላው፣ የአንድ ሄክታር ባለቤት በወረቀት ላይ ባለ ሰፊ መሬት ይሆናል። ከዚያ የሚወጣው ምክረ ሐሳብም አብሮ ይሳሳታል። አገሩን የሚያውቅ የጂኦግራፊ፣ የሶሲዮሎጂ፣ የእርሻ ወይም የስታቲስቲክስ ተማሪ ይህን ስህተት ገና ከሜዳው ያርመዋል።

ተረት 4፦ «ተለማማጅ ፎቶ ኮፒ ከማንሳት አያልፍም።»

እውነታ፦ ሥራ ሳይመደብለት የተቀመጠ ተለማማጅ መጨረሻው ይኸው ነው። በአግባቡ ከተያዘ ግን ቃለ ጉባኤ ይይዛል፣ የቀደሙ ጥናቶችን አንብቦ ያጠቃልላል፣ የተሰበሰበ መረጃ ያጣራል፣ ለውይይት የሚቀርብ አጭር ጽሑፍ ያረቅቃል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ኃላፊዬ ማን ነው? ስጨርስ ምን ሠርቼ አስረክባለሁ?

ተረት 5፦ «ያለ ዘመድ አይገባም፤ ከገቡ ደግሞ ቅጥሩ አይቀርም።»

እውነታ፦ ትውውቅ እንደሚያግዝ መካድ አይቻልም። ሆኖም ዘመድ የሌለው ተማሪ ከዩኒቨርሲቲው የድጋፍ ደብዳቤ ጋር፣ ሊያጠናው ስለሚፈልገው የአካባቢው ችግር በራሱ ቃል የጻፈውን አንድ ገጽ አያይዞ ቢያቀርብ ከብዙዎቹ ልቆ ይታያል። ቅጥርን በተመለከተ ግን እውነቱ መራር ነው። እነዚህ ድርጅቶች የሚንቀሳቀሱት በአብዛኛው በፕሮጀክት ገንዘብ ነው፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ቦታውም ያልቃል። አብዛኛው ልምምድም ደመወዝ የለውም። የአዲስ አበባ የቤት ኪራይና የትራንስፖርት ወጪ የሚከብደው ተማሪ፣ በአካባቢው መረጃ ለሚሰበስብ ጥናት ወይም መመረቂያ ጽሑፉን ለሚያማክር ድርጅት ቢያመለክት ይሻለዋል። ድርጅቶችም ቢያንስ የመጓጓዣና የምሳ ወጪ ሊሸፍኑ ይገባል። አለበለዚያ ዕድሉ ኑሮ ለተመቸው ቤተሰብ ልጆች ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ስለ ገጠር የሚወሰነውም ገጠሩን በማያውቁ ሰዎች ይሆናል።

ስለ አዊ መሬት፣ ውኃና ደን የሚወጣ ፖሊሲ የአዊ ልጅ ኖረም አልኖረም መጻፉ አይቀርም። ቃዳን ከሄክታር ለይቶ የሚያውቅ ወጣት ገና ረቂቁ ሲዘጋጅ እዚያ ካለ ግን፣ ፖሊሲው የሚናገርለትን ገበሬ በትክክል የማወቅ ዕድሉ ይሰፋል። ስለዚህ ደብዳቤያችሁን ስታጽፉ አንዱ ቅጂ ለፖሊሲ ጥናት ድርጅት ይሁን።