ነፃ ተብሎም ያልተለቀቀው ሕፃን

የእህቴ ልጅ የወለደችው ወንድ ልጅ እስከ ስድስት ወሩ ደህና ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ጆሮው ይመግላል፣ እሱ ሲሻለው የሳንባ ምች ይይዘዋል፣ መድኃኒቱ ሲያልቅ ደግሞ እንደ አዲስ ይጀምረዋል። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሦስት ጊዜ ሆስፒታል ተኛ። በመጨረሻ አንድ ሐኪም «በሽታ የመከላከል አቅሙ ጎድሏል» ሲሉ በቤተ ዘመዱ መካከል የተነሣውን ሹክሹክታ አንባቢ አያጣውም። እናትና ልጅ ከኤችአይቪ ነፃ ናቸው ቢባልም ሐሜቱ አልቆመም። ሕግ የተማረ ሰው ያለ ማስረጃ ሲፈረድ ዝም ማለት ይከብደዋልና ነገሩን ልመረምር ተነሣሁ።

ሕመሙ የብሩተን በሽታ ይባላል። አሜሪካዊው ወታደራዊ ሐኪም ኮሎኔል ኦግደን ብሩተን እ.ኤ.አ. በ1952 ደጋግሞ የሚታመም የስምንት ዓመት ልጅ ደም ውስጥ ጋማ ግሎቡሊን፣ ማለትም ፀረ እንግዳ አካላት የሚገኙበት የፕሮቲን ክፍል፣ እንደሌለ ያሳወቁበት ነው። የተበላሸው ዘረ መል በ1993 ተለየ። የሚገኘው ኤክስ በተባለው ክሮሞሶም ላይ በመሆኑ የሚታመሙት ወንዶች ናቸው ማለት ይቻላል። ተሸካሚ እናት ራሷ አትታመምም፤ የምትወልደው እያንዳንዱ ወንድ ግን ሃምሳ በመቶ የመያዝ ዕድል አለው። ሕፃኑን በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚጠብቀው በማኅፀን ሳለ ከእናቱ ያገኘው ፀረ እንግዳ አካል ነው። እንግዲህ ያ ሁሉ የታማችው እናት ናት ጠባቂው!

በዓመት ሁለት ጊዜ የሳንባ ምች፣ አራት ጊዜ የጆሮ ሕመም፣ ወይም ሁለት ወር ተወስዶ ያልሠራ አንቲባዮቲክ ካለ ሐኪም መጠየቅ ይገባል። በዚህኛው በሽታ ቶንሲል በጣም ትንሽ ነው፤ ወይም ጨርሶ አይታይም። ማረጋገጫው የኢሚዩኖግሎቡሊን መጠንና የቢ ሕዋሳት ቆጠራ ነው።

አንድ ነገር ግን ለሐሜተኞቹ ልተውላቸው። የተለመደው የኤችአይቪ ምርመራ የሚፈልገው ፀረ እንግዳ አካልን ስለሆነ፣ ይህን በማይሠራ ልጅ ላይ «ነፃ» የሚለው ውጤት አያስተማምንም። ቫይረሱን ራሱን የሚፈልግ ምርመራ ያስፈልጋል። ለልጃችን ተደረገለት፤ ነፃ ነው።

ሕክምናው የጎደለውን መተካት ነው፤ ኢሚዩኖግሎቡሊን በየሦስት ወይም አራት ሳምንቱ በደም ሥር፣ አለዚያም በየሳምንቱ ከቆዳ ሥር፣ ዕድሜ ልክ ይሰጣል። የሚሠራው ከብዙ ሺህ ለጋሾች ፕላዝማ ነውና ውድ ነው። ትኩሳት ሲነሣ ነገ ይሻለዋል ብሎ ማደር አይገባም። እንደ ፖሊዮ ጠብታ ያሉ ሕያው ተሕዋስ ያለባቸው ክትባቶችም አይሰጡትም።

የእህቴ ልጅ አሁን ሁለተኛዋን ነፍሰ ጡር ናት። ወንድ ከሆነ፣ ጠብታው ከመሰጠቱ በፊት ደሙ እንዲመረመር ከሐኪሟ ጋር ተነጋግራለች።