ቻፕል፤ መከልከል የሚያውቅ የፕሮግራም ቋንቋ

የአየር ጠባይን ለውጥ ወይም በአውሮፕላን ክንፍ ላይ የሚያልፈውን ነፋስ በስሌት የሚመረምሩ ሊቃውንት ሥራቸውን ለብዙ ሺህ ፕሮሰሰሮች ማከፋፈል ግድ ስለሚሆንባቸው፣ ለዚሁ የሚስማማ ቋንቋ ይገኝ ዘንድ የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ድርጅት ዳርፓ በ2002 እ.ኤ.አ. በጀመረው መርሐ ግብር ሦስት ኩባንያዎች ሦስት ቋንቋዎችን አቀረቡ፤ አይ ቢ ኤም ኤክስ ቴንን፣ ሰን ማይክሮሲስተምስ ፎርትረስን፣ ክሬይ ደግሞ ቻፕልን። ፎርትረስ በ2012 ሲቋረጥ ቻፕል ግን እስከ ዛሬ እየታደሰ ይኖራል፤ በሞንትሪያል ፖሊቴክኒክ የአውሮፕላንን ነፋስ የሚያሰላው ቻምፕስ የተባለው ፕሮግራም የተጻፈበት እርሱ ሆኖ ሳለ፣ የሚገባውን ክብር አለማግኘቱ ያሳዝነኛል።

መሠረተ ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ በአንድነት የሚሠራው ምንድን ነው የሚለውን፣ የት ይሠራ ከሚለው ለይቶ ያስቀምጣል።

ብዙዎች የእንዲህ ያለ ቋንቋ ጥቅሙ ፍጥነት ብቻ ይመስላቸዋል። እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወድለት ግን መከልከል ማወቁን ነው። የአንድ ረድፍ ቁጥሮችን ለመደመር አንድ ቫሪያብል ከሉፑ ውጭ አውጀን፣ ፎርኦል በተባለው ሉፕ ውስጥ እያንዳንዱን ቁጥር እንጨምርበት ብንል፣ ከልካይ ከሌለ፣ ሉፑን ተከፋፍለው ጎን ለጎን ከሚሠሩት ታስኮች ሁለቱ በአንድ ቅጽበት ድምሩን 40 ሆኖ ያነቡትና አንደኛው 5 ጨምሮ 45፣ ሁለተኛው 7 ጨምሮ 47 ብሎ ይጽፋል፤ የኋለኛው ጽሕፈት የፊተኛውን ስለሚደመስስ 52 መሆን የሚገባው 47 ሆኖ ይቀራል፤ ፕሮግራሙም አንዳች ሳይናገር ሥራውን ይፈጽማል። ቻፕል ግን ከውጭ የታወጀ እንዲህ ያለ ቁጥር በፎርኦል ውስጥ ሊነበብ እንጂ ሊለወጥ እንዳይችል አስቀድሞ ስለ ደነገገ፣ ኮምፓይለሩ ፕሮግራሙን ገና ሥራ ሳይጀምር ይመልሰዋል።

በዚህ ጊዜ ተበሳጭተው፣ ከውጭ የታወጀውን መለወጥ የሚፈቅደውን «ሬፍ» የሚለውን ቃል በመጨመር ኮምፓይለሩን ዝም የሚያሰኙ ሰዎች አሉ፤ ይህ ከቶ አይገባም! አንድ ወዳጄ እንዲሁ አድርጎ፣ በትንሽ ረድፍ ሲሞክረው ልክ ስለ ወጣለት ተደስቶ፣ ቁጥሩ ሲበዛ ግን በየጊዜው ሌላ ድምር ሲመጣበት ጥፋቱን በማሽኑ ላይ ሲያላክክ አይቻለሁ። የሚያሻው ግን በዚያው ስፍራ በሬፍ ፈንታ የመደመር ምልክትና «ሬዱስ» የሚለውን ቃል መጻፍ ብቻ ነበር፤ ያን ጊዜ ለየታስኩ ከ0 የሚነሣ የራሱ ድምር ይሰጠዋል፤ ሁሉም ሲፈጽሙም ድምሮቹ በሥርዓት ይዋሐዳሉ።

ነጥብ ያለባቸው ቁጥሮች ግን በተደመሩ ጊዜ ሁሉ ስለሚጠጋጉ፣ የመዋሐዱም ቅደም ተከተል ሊለዋወጥ ስለሚችል፣ ዛሬ የወጣው ድምርና ነገ የሚወጣው በመጨረሻዎቹ አኃዞች ሊለያዩ ይችላሉ፤ ስለዚህ ሁለት ውጤቶችን የሚያመሳክር ሰው ፍጹም እኩል ናቸውን ብሎ ሳይሆን፣ ልዩነታቸው አስቀድሞ ከተወሰነው ልክ ያልፋልን ብሎ ይመርምር።