ከኮምፒውተር አስቀድሞ ባሕረ ሐሳብ

በመቀሌ ዩኒቨርሲቲ በእንዳየሱስ ግቢ የኮምፒውተርን ትምህርት ለመጀመር የተሰናዳ ወጣት ጥበቡ ሁሉ በመሣሪያው ውስጥ ያለ ቢመስለው አይፈረድበትም፤ ነገር ግን የትምህርቱ መሠረት በሥርዓት የተያያዘ ስሌት እንጂ መሣሪያው ስላልሆነ፣ የበዓላትን ቀን የሚያሰላውን ባሕረ ሐሳብ ከሚያውቅ መሪጌታ ዘንድ ቢቀርብ፣ አንዲት የፕሮግራም መስመር ሳይጽፍ ዋናውን ነገር ሊረዳው ይችላል።

ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ ተገለጠ ተብሎ በቤተ ክርስቲያን የሚተረከውን ይህን ቀመር ይዘን የ2017 ዓ.ም. ትንሣኤ የዋለበትን ቀን እንፈልግ። በ2017 ላይ 5500 ሲደመር ዓመተ ዓለሙ 7517 ይሆናል፤ ጨረቃ በየ19 ዓመቱ ወደ ቀደመ ቀኗ ስለምትመለስ ይህ በ19 ሲገደፍ 12 ይተርፋል፤ ከዚህም አንዱ ለዘመኑ ተትቶ ወንበሩ 11 ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 1፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 29 ይወጣል። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላልና፣ የ2017ቱ መስከረም 29 ረቡዕ ሆነ፤ ለረቡዕ የተመደበው ጭማሪ፣ ተውሳኩ 4 ሲጨመርበት 33፣ በ30 ሲገደፍ መባጃ ሐመሩ 3 ነው። ስለዚህ ጾመ ነነዌ ከጥር ተሻግራ የካቲት 3 ገባች፤ የትንሣኤ ተውሳክ 9 ሲጨመር ፋሲካ ሚያዝያ 12 ዋለ።

እነሆ፣ የሚገባ ቁጥር፣ በተራ የሚፈጸም ትእዛዝ፣ «ከበለጠ በዚህ፣ ካነሰ በዚያ» የሚል መለያ መንገድ፣ እንደ ተውሳክ ያለ አስቀድሞ የተዘጋጀ ሰንጠረዥ፣ በመጨረሻም የሚወጣ መልስ፤ የኮምፒውተር ፕሮግራም ከዚህ የተለየ ባሕርይ የለውም። መጥቅዕ 14 ቢሆንስ ብሎ የሚጠይቅ አስተዋይ ተማሪም፣ 19ኙን ወንበሮች አንድ በአንድ ቢያሰላ 14 ከቶ እንደማይወጣ ያገኛል፤ ሁለቱ መንገዶች ሁሉን ይሸፍናሉ። እኔን ግን ከሁሉ አብልጦ የሚያስደንቀኝ አበቅቴና መጥቅዕ በተለያየ መንገድ ተሰልተው ሲደመሩ ዘወትር 30 መሆናቸው ነው፤ 11 እና 19 ድምራቸው 30 ነውና። ድምሩ ካልሞላ ስሌቱ ተሳስቷል ማለት ነው፤ ዛሬም ኮምፒውተሮች መልእክት ሲለዋወጡ እንዲህ ያለ መመርመሪያ ቁጥር ያያይዛሉ።

እንግሊዛዊው አለን ቱሪንግ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1936 የኮምፒውተር ሳይንስን መሠረት ሲጥል፣ በሐሳቡ የያዘው ወረቀት ዘርግቶ ትእዛዝ በትእዛዝ የሚያሰላ ሰውን ነበር፤ መሪጌታውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ሊቃውንቱ የጨረቃ የ19 ዓመት ዑደትና ዕለታት ወደ ቀደመ ቀናቸው የሚመለሱበት የ28 ዓመት ዑደት በ532 ዓመት እንደሚገናኝ ዐውቀው ይህን ዐቢይ ቀመር ብለውታል፤ እንግዲህ የ532 ዓመት ሰንጠረዥ አንድ ጊዜ ጽፎ ማስቀመጥ ይሻላል ወይስ በየዓመቱ እንደገና ማስላት የሚለውን ጥያቄ፣ ጀማሪው ኮምፒውተር ከመንካቱ በፊት በእርሳሱ ይሞክረው፤ በቦታና በድካም መካከል መምረጥ የዚህ ሳይንስ የዘወትር ጭንቀት ነውና።