መሬት ለአራሹ በርስት አገር

በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች አዲስ አበባ ላይ «መሬት ለአራሹ» ብለው ሲሰለፉ በዓይነ ሕሊናቸው የነበረው በተለይ የደቡቡ ጭሰኛ ነው፤ ካመረተው ትልቅ ድርሻ ለባለመሬቱ የሚያስረክብ ሰው። ደርግ ጥያቄውን ወርሶ የካቲት 25 ቀን 1967 በአዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ ለዚያ ሰው ብዙ ማስረዳት አላስፈለገም። ብሶቱ ቀድሞውኑ መፈክር አግኝቶ ነበር።

የሰሜን ሸዋው መንዝ ግን የርስት አገር ነበር። ገበሬው በአባቱም በእናቱም ወገን ዘር ቆጥሮ ድርሻውን ይጠይቅ፣ ከከለከሉት ዳኛ ፊት ይሟገት ነበር። ድሃው እንኳ ባለርስት ነኝ ይል ነበር። አራሹና ባለመሬቱ በአብዛኛው አንድ ሰው በሆኑበት ደጋ፣ መሬቱ ከማን ተነጥቆ ለማን ሊሰጥ ነው? እዚያ ጎልቶ የተሰማው የአዋጁ ሌላ ገጽ ነው፦ ርስት ተወረሰ። አዋጁ ለርስት አገሮች የተለየ ምዕራፍ አበጅቶ ገበሬው የሚያርሰውን ይዞ እንዲቆይ ፈቅዷል፤ ግን ምዕራፉን ስንቱ አነበበው? መኳንንቱ ወንድማማቾች መርዕድና መስፍን ብሩ መንዝ ላይ በደርግ ላይ ሲሸፍቱ ይህ ስጋት ሳይጠቅማቸው አልቀረም። ስጋቱም መሠረት ነበረው፤ የቀደምት አባቶቹ የአስቦና የጌራ ዘሮች ጓሳ የተባለውን የመንዝ የሣር ምድር ለዓመታት ዘግተው ሣሩን በወቅቱ የሚያጭዱበት ሥርዓት በአጽመ ርስት ላይ የቆመ ስለነበር ከአዋጁ በኋላ ፈረሰ።

በ1989 በአማራ ክልል፣ ሰሜን ሸዋን ጨምሮ፣ መሬት እንደገና ሲደለደል የማሳመኛው ዘዴ ተለወጠ። በዚህ ጊዜ ስም የወጣለት መሬት የሚቀነስበት ሰው ነው። በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ተመራጭ የነበረው «ቢሮክራት»፣ የጥንቱ ባላባት «የፊውዳል ቅሪት» ተባለ፤ ይዞታውም ከ1 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ልብ በሉ፣ ይህ «ቢሮክራት» እንደ ጎረቤቱ ሞፈር ቀንበር ተሸክሞ የሚውል ገበሬ ነው! ስያሜው ግን ሥራውን ሠርቷል። የጎረቤትን ማሳ መካፈል ነውር መሆኑ ቀርቶ ቢያንስ በተቀባዩ ዓይን የጥንት ዕዳ ማስመለስ መሰለ።

ከ1995 ወዲህ የመጣው የይዞታ ደብተር ደግሞ ሌላ ቋንቋ ይናገራል፦ ዋስትና። ባልና ሚስት ስማቸውንም ፎቷቸውንም አንድ ላይ ያዩበታል፤ ሁለት ጊዜ ድልድል ላየ ገበሬ ይህ ከየትኛውም መፈክር የበለጠ ያሳምናል። የባለቤትነቱ ሕግ ግን በመሠረቱ የ1967ቱ ነው፤ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም።